በአሮጌ ወይን ሽምግልና፦ ከቻምብሊ እስከ ሊልበርን

ዓርብ፣ ንጋት 12፡40። ቻምብሊ፣ ጆርጂያ

ገና አልነጋም። ከአፓርትመንታችን ፊት ለፊት መኪናዬን እያሞቅሁ፣ መስታወቱ ላይ የተጋገረውን ስስ ውርጭ በባንክ ካርድ እፍቃለሁ። ፊቴን ግን ምላጭ ከነካው ሁለት ሳምንቱ ነው። ጢሜን እንዳልላጭ በስልክ ታዝዣለሁ። ያዘዙኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። "ዳኒ፣ ዕድሜህ ለሽምግልና ባይደርስም ጢምህ ይድረስ" አሉኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ሰው በማመላለስ የምኖር ሹፌር ነኝ፤ ትንሽ ብሸብትም ያሸበተኝ ትራፊክ ነው።

እስከ ዛሬ በዚህ ዓምድ የጻፍኩላችሁ ስለ ባሕር ዳርቻው፣ ስለ ተራራው፣ ሌላ ስቴት ድረስ ስለ መንዳት ነበር። የዛሬው መንገድ በደህና ቀን ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ እኛን ግን ቀኑን ሙሉ በላን። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮናስ የሚባል ጓደኛዬ ሶስና የምትባል ነርስ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ሁለት ዓመት ተኩል ሆናቸው። ከሦስት ወር በፊት ሊልበርን ወደሚገኘው የአባቷ ቤት ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ መሪ እኚሁ ጋሽ መኩሪያ ነበሩ። አባትየው አቶ ይርጋ "ልጁ ምን ይሠራል?" ብለው ሲጠይቁ፣ ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ሳያሹ "አስመጪ ነው" አሉ። አቶ ይርጋ ደስ አላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መነጽር ሊያሠሩ ብሩክሄቨን ሄደው፣ በአንድ የወይን ሱቅ መስታወት በኩል በፎቶ የሚያውቁትን አስመጪ አዩት። ሽርጥ ታጥቆ ለፈረንጅ ይቀዳል።

በማግሥቱ ለጋሽ መኩሪያ ስልክ ደወሉ። "ያመጡልኝ አስመጪ ሲያስገባ ሳይሆን ሲቀዳ አገኘሁት። ዳግመኛ በሬን እንዳይረግጡ" ብለው ዘጉ።

አብረዋቸው የሄዱት ሁለት ሽማግሌዎች በሀፍረት "ከእንግዲህ አንሄድም" ብለው ቀሩ። ጋሽ መኩሪያ ግን መቅረት አልቻሉም፤ ውሸቱ የእሳቸው ነበር። ሶስና አባቷን ስንት ቀን ለምና ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ እንድንመጣ አስፈቀደች። የታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ማግሥት ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሥራ ኦፍ ነው። የገና ጾምም ከገባ ጥቂት ቀኑ ነው።

ጋሽ መኩሪያ ከደረጃው እየወረዱ ነው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሃያ ዓመት መሀል ከተማ የፓርኪንግ ቲኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ነጭ ጋቢ፣ ጥቁር ኮት፣ ከዘራ። ከዘራው የጎረቤት ነው። እግራቸው ደህና ነው።

"ለምን ያዙት?" አልኳቸው።

"አዘኔታ ያመጣል" ብለው የፊቱን በር ከፈቱ።

1፡15። ብሩክሄቨን

ዮናስ ከሱቁ በስተጀርባ፣ የካርቶን ክምር አጠገብ ቆሞ ይጠብቀናል። ሰላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በዲቪ መጥቶ ይሄው ሱቅ ውስጥ ሳጥን በመሸከም ጀመረ፤ ዛሬ ደንበኛው "ለዛሬ እራት የቱን ልውሰድ?" ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ እንደ ሕፃን አቅፏል።

"ይሄን ለአባቷ ስጡልኝ" አለ።

ጋሽ መኩሪያ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጠርሙሱን አዩት፤ ቀጥለው ዮናስን። "አንተ ልጅ፣ ሰውየው እኮ የተቆጡት በመጠጥህ ነው። የሌባ ሽማግሌ የሰረቀውን ይዞ ይሄዳል?"

"አልሰረቅሁም ጋሼ። ሥራዬ ነው። አንዴ ተደበቀ፤ አሁን ሥራዬን ደብቄ ልጃቸውን መውሰድ አልፈልግም።"

ጋሽ መኩሪያ የኮታቸውን አዝራር ማስተካከል ጀመሩ።

ዮናስ ስለ ወይን ሲያወራ ሌላ ሰው ይሆናል። ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ ምልክቱን አሳየን። ላዩ ላይ አጭር፣ ጠማማ፣ የአዛውንት ጉልበት የመሰለ የወይን ግንድ ተሥሏል። ወይኑ ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ስፔን ድንበር አቅራቢያ ካለ ድንጋያማ ኮረብታ የመጣ ነው። ካሪኛን ይባላል ዘሩ። ግንዶቹ ከተተከሉ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤቶቹ ኬሚካል የሚባል አያስነኩትም፤ አረሙን በግ ይግጥላቸዋል፣ መሬቱን በፈረስ ያርሳሉ፣ ፍሬውን በእጅ ይለቅማሉ። ሲጠመቅም ከውጭ እርሾ አይገባበትም፤ ፍሬው ላይ ባለው በራሱ እርሾ ይፈላል። አያጣሩትም።

"ዋጋው?" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

"ሰላሳ ስምንት ዶላር።"

"ሳይጣራ?"

"ሥሩ ላይ አተላ አለው። እንዳትንጡት" አለ ዮናስ ወደ እኔ ዞሮ። "ከመጠጣቱ በፊት ሁለት ሰዓት ተከፍቶ አየር ያግኝ። መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ… ይሸታል።"

"ምን ይሸታል?"

ዮናስ መሬት መሬቱን አየ። "በረት። ግን ይለቀዋል። ይሄ ወይን ዓይን አፋር ነው፤ ሰው እስኪለምድ ፊቱን ያጠቁራል። ከዚያ በኋላ ዝም ብላችሁ ጠብቁት።"

ጋሽ መኩሪያ መስኮቱን ዘጉ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በቀስታ ለራሳቸው አወሩ፤ "ለአማት በረት የሚሸት ነገር የሚልክ ትውልድ።"

2፡05። ቡፈርድ ሃይዌይ፣ ነዳጅ ማደያ

ሦስተኛውን ሽማግሌ የምንወስደው እዚህ ነው። ጋሽ በድሩ የዮናስ ጎረቤት ናቸው፤ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው፣ የኤርፖርት ሻትል ነጂ። ዮናስ አሜሪካ የገባ ሰሞን መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ በገዛ መኪናቸው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የመኪናዋ የኋላ መብራት እስከ ዛሬ በፕላስተር ተይዟል። ሙስሊም ናቸው፤ መጠጥ በዘመናቸው ቀምሰው አያውቁም። ዮናስ "ይምጡልኝ" ሲላቸው "ለልጄ አልሄድም እላለሁ?" ነበር መልሳቸው።

ነዳጅ ስቀዳ ጋሽ መኩሪያ ሱቁ ገቡ። ሲወጡ በወረቀት ከረጢት አንድ ነገር ይዘዋል። ከረጢቱን የመኪናው ኮፈን ላይ አራገፉት፤ የቡሽ መንቀያ አንድ፣ በድብ ቅርጽ የተሠራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያለ ማር አንድ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ማሩ?"

"ለጥንቃቄ።"

"ለምን ጥንቃቄ?"

"ከመጠጣቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይከፈት ተብሏል። ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ነው። እንዲያውም ዘግይተናል።" ይህን እያሉ ጠርሙሱን በጉልበታቸው መሀል አስገብተው መንቀያውን ማዞር ጀምረዋል። ሰው ነዳጅ እየቀዳ ያየናል። አንድ ሽበታም፣ ጋቢ የለበሰ፣ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ወይን ይከፍታል። ቡሹ "ፐ" ብሎ ወጣ።

ጋሽ መኩሪያ አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። ለእኔ አቀበሉኝ። ዝናብ የመታው የፈረስ ኮርቻ፣ የረጠበ ገለባ፣ ከሥሩ የሆነ ጨለም ያለ ፍሬ። በረት ነው፤ ልጁ አልዋሸም።

"ይቅመስ" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

"ማን ይቅመሰው?"

ሦስታችን ተያየን። እሳቸው ይጾማሉ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። እኔ እነዳለሁ። ጋሽ በድሩ ደግሞ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ለሙሽራ አባት የሚሰጥ ወይን ከፍተን፣ ከሦስት ሽማግሌ አንድ ቀማሽ ጠፋ።

"ሳይቀመስ መገመት ነው እንግዲህ" ብለው ጋሽ መኩሪያ የድቡን ክዳን ከፈቱ። "ይርጋን አውቀዋለሁ። ጣፋጭ ይወዳል። ሁለት ጠብታ ማር፣ ደህና አድርጎ መናጥ፣ አለቀ።"

ጋሽ በድሩ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የተናገሩት። እጃቸውን ዘርግተው ድቡን ከጋሽ መኩሪያ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱት።

"መኩሪያ፣ ባለፈው ልጁን አጣፍጠህ አቅርበኸው ምን አተረፍን?"

ጋሽ መኩሪያ ከዘራውን ፈልገው ያዙት። 

ቡሹን በእጄ ገፍቼ መለስኩት። በጆርጂያ ሕግ የተከፈተ መጠጥ ተሳፋሪው አጠገብ አይቀመጥም፤ ከኋላ በዕቃ መጫኛው ትራንክ ውስጥ አቁሜ፣ ግራና ቀኝ በትርፍ ጎማና በጋሽ መኩሪያ ጋቢ ደገፍኩት። ድቡ ከጋሽ በድሩ ጋር ከኋላ ተቀመጠ።

2፡50። ከሞሉ ፊት ለፊት

አቋራጭ ያልኩት መንገድ ሞል በሚባለው ትልቁ የገበያ ማዕከል አጠገብ ያልፋል። የታንክስጊቪንግ ማግሥት መሆኑን አውቄ፣ ምን ማለት እንደሆነ ረስቻለሁ። ቅናሽ ፍለጋ የወጣው ሰው ሁሉ እኛ ፊት ነው። ቴሌቪዥን ጣራው ላይ ያሰረ መኪና፣ ቴሌቪዥን ሊያስር የሚሄድ መኪና፣ መሀል ላይ ሦስት ሽማግሌ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ የአንድ አውቶቡስ ቁመት ያህል ሄድን።

ጋሽ በድሩ ስለ ጠርሙሱ ሥዕል ጠየቁኝ። "ያ ግንድ ሽቦ የለውም። አየህ አይደል? እኛ ጋ እንጨት ተክለን ሽቦ እንዘረጋለት ነበር።"

"እናንተ ጋ የት?"

ለካስ ጋሽ በድሩ በወጣትነታቸው አዋሽ ሸለቆ የመንግሥት እርሻ ላይ አምስት ዓመት ወይን ገርዘዋል። የሚበላ ወይን። ከዚያ ነው በእግር ድንበር የተሻገሩት። "ወይን ሲያረጅ ፍሬው ያንሳል" አሉ። "አለቃችን ምርት ቀነሰ ብሎ አሮጌውን ያስነቅለን ነበር። እኔ ግን ቁርሴን የምለቅመው ከአሮጌው ነበር። ሥሩ ሩቅ ይሄዳል፤ ድርቅ ሲመጣ ወጣቱ ሲጠወልግ እሱ ግድ የለውም። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም። አንዷ ዘለላ የሦስት ዘለላ ጣዕም ነበራት።"

ይህን እያሉ መስኮቴ ተንኳኳ። ትራፊክ የሚያስተናብር ፖሊስ ነው። ልቤ ትራንክ ውስጥ ገባ። ጋሽ መኩሪያ ከዘራቸውን ጨብጠው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ፤ በሕይወታቸው ወይን አይተው የማያውቁ ይመስላሉ።

"ጌታዬ፣ ከትራንክህ ጨርቅ ወጥቶ መሬት ይጎትታል" አለ ፖሊሱ።

የጋቢው ጫፍ ነው። "ከፍቼ ላስገባልህ?" ብሎ እጁን ወደ ኋላ ሲያመለክት ሦስታችንም አንድ ላይ "ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ!" አልን። ወርጄ ጫፉን በጣቴ ጎስጉሼ አስገባሁ። ፖሊሱ ጋሽ መኩሪያን አይቶ ኮፍያውን ነካ አደረገ። ከዘራው ሠራ።

4፡15። ሊልበርን

ሰዓት ከሩብ ዘግይተን ደረስን። የተቆረጠ ሣር፣ ቀይ ጡብ፣ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ። ፓርክ አደረግኩ። ትራንኩን ስከፍት ጠርሙሱ እንደ ቆመ ነው፤ ጋሽ መኩሪያ ጋቢያቸውን አራግፈው መልሰው ለበሱ።

በሩን የከፈቱልን የሶስና እናት ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። አቶ ይርጋ ሳሎኑ መሀል ቆመዋል። ሰፊ ትከሻ፣ አዲስ መነጽር። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፁ የማያምር ነገር ሲሰሙ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ።

"ግቡ፤ ተቀመጡ" አሉን እናትየው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ መኩሪያ በወጉ።

"ቁሙ እንግዲህ" አሉ አቶ ይርጋ።

ቆምን።   ጋሽ መኩሪያ ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ አሰምተውኛል፤ ከዘር ሐረግ ጀምሮ የሚወርድ፣ ምሳሌው የበዛ። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

"ይርጋ፣ ባለፈው ዋሽቼሃለሁ። ልጁ ዋሹልኝ አላለኝም፤ ከራሴ አፍ ነው። ሥራውን አንተ እንዳትንቀው ብዬ ፈርቼ፣ መጀመሪያ የናቅሁት እኔ ሆንኩ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። የልጁ ነገር ከዚያ በኋላ ነው።"

አቶ ይርጋ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። "ምንድን ነው የያዝከው?" አሉኝ እኔን።

ጋዜጣውን ገለጥኩ። "ወይን ነው። ዮናስ ነው የላከው። የሚሸጠውን ነው።"

ወይዘሮ ስንዱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ደንግጠው ይሁን ስቀው አላወቅሁም። አቶ ይርጋ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። "ተከፍቷል።"

"አየር እንዲያገኝ ነው" አልኩ።

"ደፍርሷል።"

"አተላ ነው። አያጣሩትም።"

"በጾም ሽማግሌ። በጾም መጠጥ።" ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። መልስም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የለም። መቆም ከፈለጋችሁ ቁሙ፤ መቀመጥ ከፈለጋችሁ ወንበር አለ።"

ለአምስት ሰዓት ያህል የሚቆም ሽማግሌ በታሪክ ካለ እኛ አይደለንም። ተቀመጥን።

6፡30። ጓሮ

ጋሽ በድሩ በኋላው መስታወት በር በኩል አጥሩን ሲያዩ ቆይተው ተነሡ። "ያ ወይን ነው?"

አጥሩ ላይ ቅጠሉ የረገፈ ሐረግ ተጠላልፏል። ማስካዳይን ነው፤ ጆርጂያ ውስጥ በየጓሮው የሚበቅለው ቆዳ ወፍራሙ ወይን። አቶ ይርጋ ቤቱን ሲገዙ የተከሉት ነው። ዘንድሮ አንድ ጎድጓዳ ሳህን እንኳ አልሞላም።

"ማነው የገረዘው?" አሉ ጋሽ በድሩ።

"እኔ" አሉ አቶ ይርጋ።

"አልገረዙትም፤ ጸጉሩን ነው ያስተካከሉት።"

እኔና ጋሽ መኩሪያ ተያየን። አበቃልን አልኩ በልቤ። አቶ ይርጋ ግን መካኒክ ናቸው፤ ጥፋቱን የሚያሳያቸውን ሰው ይወዳሉ። ጃኬታቸውን አንሥተው ወጡ፤ ጋሽ በድሩ ተከተሏቸው። በመስታወቱ በኩል እናያቸዋለን። ጋሽ በድሩ ቅርንጫፍ እየያዙ "ይሄ ይቀራል፣ ይሄ ይሄዳል" ይላሉ። አቶ ይርጋ መቀስ ሊያመጡ ሲሉ ክንዳቸውን ያዟቸው።

"አሁን አይነካም። ብርዱ ይለፍ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል መጥቼ አብረን እንገርዘዋለን።"

ቆመው ረጅም አወሩ። በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር የሰማሁትን ያህል እጽፋለሁ።

"እርስዎ መጠጥ አይጠጡም አይደል?" አሉ አቶ ይርጋ።

"አልጠጣም።"

"ታዲያ ለመጠጥ ሻጭ እንዴት ሽማግሌ ሆነው መጡ?"

ጋሽ በድሩ የያዙትን ቅርንጫፍ ለቀቁ። "ባለፈው ዓመት ታምሜ ተኝቼ ነበር። ልጁ ሥራ ውሎ በየቀኑ ሾርባ ይዞልኝ ይመጣል። በሩ ላይ ሽርጡን ያወልቅና አጣጥፎ ውጭ ያስቀምጠዋል። ለምን ስለው ‘እርስዎ ቤት የመጠጥ ሽታ ይዤ አልገባም’ አለኝ። የምጠጣውንና የማልጠጣውን እኔ አውቃለሁ፤ ልጁ ግን የእኔን ያከብራል። የእርስዎንም ያከብራል።"

አቶ ይርጋ የሐረጉን ግንድ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

8፡20። ሳሎን

ሲመለሱ ፊታቸው ላላ ብሏል፤ ነገር ግን አቶ ይርጋ በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። ጠርሙሱ ፊት ተቀምጠው መረመሩት።

"ለመሆኑ የጾም ነው?" አሉኝ።

ዮናስ አንድ ቀን ያጫወተኝን አስታወስኩ። "የጾም ነው። አንዳንዱን ወይን እኮ… እንዲጠራ ብለው የእንቁላል ነጭ ይጨምሩበታል። ከወተት የሚወጣ ነገርም የሚጨምሩ አሉ። ይሄኛው ግን ምንም አልነካውም።"

"እንቁላል?"

"አዎ። አተላውን ይዞ ወደ ታች እንዲወርድ።"

"ወይን ውስጥ? እንቁላል?" ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ ጋራዡ በር አዩ፤ ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ።

ወይዘሮ ስንዱ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። "ይርጋ፣ ያንተ ያ ጣፋጩስ?"

"የቱ ጣፋጭ?"

"ጋራዥ ውስጥ፣ ከዘይቱ ጀርባ ያለው። ‘ለእንቅልፍ ነው፣ የጾም ነው፣ ወይን ተክል ነው’ የምትለኝ።"

ጋሽ መኩሪያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አቶ ይርጋ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

"ስንት ጾም ነው እንቁላል ስበላ የኖርኩት?" አሉ በመጨረሻ፤ ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በድሩ እንኳ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

"ያኛው ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም" አልኩ ላጽናናቸው ብዬ።

"ዮናስን ጠይቀው" አሉ። ስሙን ሲጠሩ የሰማሁት ያኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ "ያ ልጅ" ነበር።

9፡00

ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ስልጆ ቀረበ። ወይዘሮ ስንዱ የውሃ ብርጭቆ አመጡ። አተላው እንዳይነሣ ቀስ ብዬ ቀዳሁ፤ ለአቶ ይርጋ፣ ለጋሽ መኩሪያ፣ ለእናትየው፣ ለእኔ አንድ ጉንጭ። ለጋሽ በድሩ ሻይ።

ቀለሙ ጥቁር ቀይ ነው፤ ዳር ዳሩ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። በረቱ ጠፍቷል። እውነቴን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ውሎ፣ ሽታው ሌላ ሆኗል። ኮምጠጥ ያለ እንጆሪ፣ ጥቁር በርበሬ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጦስኝ። አፍ ውስጥ መጀመሪያ ጥርስ ይይዛል፤ ስኳር የሚባል የለውም። ከዚያ ከምላስ ሥር የሆነ ሙቀት ይነሣና ከዋጡት በኋላ ይቆያል። ከሽሮው ጋር ሲገናኝ ደግሞ የሚተዋወቁ ዘመዳሞች ይመስላሉ። የሚያቆላምጥ ወይን አይደለም። እንዲወዱት አይለምንም።

አቶ ይርጋ ተጎነጩ። ፊታቸው ተጨማደደ። "ኮምጣጣ ነው።"

ጋሽ መኩሪያ ጋሽ በድሩን አዩ፤ ጋሽ በድሩ ኪሳቸውን ጨበጥ አደረጉ። ማሩ እዚያ ነበር። አላወጡትም።

አቶ ይርጋ ሽሮ በሉ፤ ደግመው ተጎነጩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሆነ ድምፅ የሚያዳምጡ መሰሉ። ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ቀዳሁ። ሦስተኛ ጊዜም ገፋ አደረጉ።

"ሶስና!" ብለው ወደ ላይ ተጣሩ።

ደረጃው ላይ ቆማ ስትሰማ እንደ ዋለች ግልጽ ነበር፤ ስሟ ሳያልቅ ደረሰች።

"ይሄን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?"

"አባዬ፣ ላይክ፣ ሁለት ዓመት ተኩል?"

"አዎን ወይም አይ በይ። ሽማግሌ ፊት ነው።"

"አዎ" አለች።

አቶ ይርጋ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት። ጠርገው ሲጨርሱ እንደገና ጠረጉት። "እንግዲያው ሰጥቻለሁ" አሉ። ወይዘሮ ስንዱ እልል አሉ። ጋሽ መኩሪያ ለመመረቅ ተነሡ፤ ከዘራውን ረስተው።

10፡30። መመለሻ

መንገዱ ላይ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ የመስታወቴን ግማሽ ይዛለች። ጋሽ መኩሪያ የጠዋቱ ተንኮላቸው ተመልሶላቸዋል።

"ለልጁ እንዳትደውሉለት" አሉ። "ቤቱ ሄደን ፊታችንን አጥቁረን እንቁም። ‘እምቢ አሉ’ እላለሁ። እስከ አሥር ቆጥሬ እነግረዋለሁ።"

"ሰው ይሞትብዎታል" አሉ ጋሽ በድሩ።

"እስከ አምስት እንግዲህ።"

ከሰፈሩ መውጫ፣ ዋናው መንገድ ከመግባታችን በፊት፣ አንዲት ግራጫ መኪና ዳር ይዛ ቆማለች። ዮናስ ነው። ከሥራ አስፈቅዶ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበር። ስልኩን እጁ ላይ ይዞ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል። መኪናችንን ሲያይ ቀና አለ፤ ግን አልመጣም፤ እጁን እንኳ አላነሳም።

አጠገቡ ቆምኩ። ጋሽ መኩሪያ ፊታቸውን አጥቁረው ወረዱ። "ዮናስ" አሉ በከባድ ድምፅ። አንድ። ሁለት ማለት ነበረባቸው።

ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ያያቸዋል። ውጤቱን አልጠየቀም። "እርስዎን አላዋረዱዎትም?" ነው ያለው።

ጋሽ መኩሪያ መቁጠሩን ተዉት። በሁለት እጃቸው ፊቱን ያዙ፤ ግንባሩን ሳሙት። "ሰጥተውሃል!" ብለው ከኋላ ወንበር የጮኹት ጋሽ በድሩ ናቸው።